የዋልታው ውሃና የሚያበራው ሰዓት

ለውዷ የልጅ ልጄ፣ ለጥልቁ ውሃ መርማሪ፤

አንድ የፊት ጥርሴ ለረጅም ዘመን ካገለገለ በኋላ ዛሬ ጠዋት ደረቅ ዳቦ ላይ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ መልቀቁን የምገልጽልሽ በጥልቅ ሐዘን ነው። የሽኝት ንግግር አልተደረገም። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሻል? ብርዱስ? እኔ ማፏጨት ካቃተኝ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ለአባትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ውሃ ለመቅዳት እዚያ ድረስ ምን አስኬዳት? ቧንቧው ግቢያችን ውስጥ አይደል?» ብሎ ካኮረፈሽ ወዲህ ስምሽን አያነሳም። ሲኒማ ቤት ፊልም ሊያጫውት ከመሄዱ በፊት ጫማውን እየወለወለ ያልሰማ መሰለ። ግን አንብቤ እስክጨርስ የወለወለው አንዱን ጫማ ብቻ ነበር።

እንደገባኝ፣ የዋልታው ባሕር ውሃ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ትሪቲየም የምትዪውን፣ የሃይድሮጅንን ከባድ ወንድም፣ ከላይ ይዞ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። እዚያ ሲቆይ ትሪቲየሙ እየመነመነ ይሄዳል። የቀረውን ለክታችሁ ውሃው ከአየር ከተለየ ስንት ዘመን እንደሆነው ታውቃላችሁ። እኔን እንዳትለኪኝ ብቻ።

ታዲያ እናንተ የቀዳችሁት ሽማግሌ ውሃ ሲለካ ጎረምሳ ሆኖ ተገኘ። አለቃሽ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ሲመረምሩ ክንድሽ ላይ በጨለማ የሚያበራ ሰዓት አዩ። ለካ የሚያበራው ቀለም ያው ትሪቲየም ኖሮበት፣ ቀስ እያለ እየሾለከ ውሃውን የቀዳችሁባቸውን ጠርሙሶች በክሏል። የጉዞው ድካም ሁሉ ገደል ገባ። አንቺም «ይህን ሥራ እተዋለሁ፤ ለሁለተኛው ጉዞ መርከብ ላይ አልሳፈርም» ብለሽ ጻፍሽ። «አባባ፣ ሰዓቱን ሻንጣዬ ውስጥ የሸጎጡት እርስዎ ነዎት?» ብለሽም ጠየቅሽኝ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ከተትኩት። ወቀሳው ሁሉ የእኔ ነው።

ግን ስሚኝ፣ አንቺ ግትር። አለቃሽ «ሰዓቱን አውልቀሽ ተመለሺ» ካሉሽ ያባረሩት ሰዓቱን ነው እንጂ አንቺን አይደለም። ጠርሙስ ይታጠባል፤ ባሕሩም ገና አላለቀም። ተሳፈሪ።

አባትሽ ብሩሹን አስቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ሰዓቱን ጣለችው?» አለ። መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀመጥሽው ነገርኩት። ሁለተኛውን ጫማ ሳይወለውል ወጣ።

መንገድሽ የቀና፣ እጅሽ የማይሳሳት ይሁን። ከዕድሜዬ ቀንሶ ላንቺ ይስጥ፤ ግን ብዙ አይቀንስ።

ጥርሱ የጎደለው አያትሽ

ፖስታውን ከማሸጌ በፊት፦ እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ነገር ዋሽቻለሁ። ሰዓቱን የሸጎጥኩት እኔ አይደለሁም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፀጉር የቆረጥኩት በቀን ብርሃን ነው፤ የሚያበራ ሰዓት ምን ያደርግልኛል? ሲኒማ ቤት፣ ከፊልም ማጫወቻው አጠገብ ያለው ሚስማር ግን አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ባዶ ነው። ፊልም አጫዋቹም ስንት ሰዓት እንደሆነ ቲኬት ቆራጩን እየጠየቀ ነው የሚሠራው።