ወንድሜ፣ አይጦቹና የነርቭ ምግብ

ሰኞ፣ ግንቦት

ምራቅ! የነርቭ ክር የሚያሳድገው ንጥረ ነገር የሚገኘው አይጥ ምራቅ በሚያመነጭበት ዕጢ ውስጥ ነው። ይህን ያነበብኩት ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት የሳይንስ መጽሔት ላይ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድ አይጦች ሲጣሉ ይህ ነገር ከመንጋጋቸው ሥር ተነሥቶ ወደ ደማቸው ይፈስሳል። አንጎላቸው ውስጥም፣ ረሃብና ፍርሃት በሚታዘዙበት ጥልቅ ቦታ፣ ይጨምራል። ለምን? አጥኚዎቹም ገና አላወቁም። ስንት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር እንዲህ የሚያስደንቅ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ጌታ ሆይ፣ ስንቱን ነገር የት የት ነው የሸሸግኸው?

የተሸሸገ ስል ዳዊት ትዝ አለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰው ታናሽ ወንድሜ፣ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ የሚኖረው ኮርኒሳችን ላይ ነው። ቆርቆሮው ሥር፣ በዚህ በናዝሬት ሙቀት። ምግብ በቀዳዳው እንሰጠዋለን፤ ባልዲውን እንቀበለዋለን። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ መናገር ትቷል።

ማክሰኞ

የአልጀብራ ጥያቄ ጽፌ ከምሳው ጋር ላክሁለት። ድሮ እኔን የሚያርመኝ ልጅ! ወረቀቱ ባዶውን ተመለሰ። አንጎሉ እየደረቀ ይሆን? ጦርነቱ አንድ ቀን ያልቃል፤ ይወርዳል። ግን ያን ቀን የሚወርደው ዳዊት ይሆናል ወይ? ሌሊትና ቀን የምፈራው ይህንን ነው።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ያሳፍራል፣ ግን ሳይንስ ነው። እንደ አይጦቹ ልጣላው።

ረቡዕ

በሹክሹክታ መሳደብ እንዴት ያስቸግራል! ወንበር ላይ ቆሜ፣ አንገቴን በቀዳዳው አስገብቼ፣ ፈሪ አልኩት። ሰነፍ አልኩት። ግብ ጠባቂ ያደረጉህ መሮጥ ስለማትችል ነው አልኩት፤ ድሮ ቢሆን በዚህ ነገር ሳምንት ያኮርፈኝ ነበር። ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዞረ፣ በቃ።

እማዬ ከታች ቀሚሴን ጎተተችኝ። "አብደሻል? ልጄን ልትገድይው ነው?" ስለ አይጦቹ ላስረዳት ሞከርኩ። "እኔ አይጥ ነው እንዴ የወለድኩት?" አለች፤ እሷም በሹክሹክታ። ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ።

ሐሙስ

መጽሔቱን እንደገና ገለጥኩት። ዘልዬው ያለፍኩት ዐረፍተ ነገር አለ፦ አይጦቹ ከመጣላታቸው በፊት እያንዳንዳቸው ለረጅም ጊዜ ለብቻቸው ተዘግተው ነበር። ለብቻቸው! እኔ ጠቡን ብቻ ነው ያየሁት። ዳዊትን አበላነው፣ ባልዲ ተቀበልነው፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ግን የለም።

ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ወጣሁ። በዚህ ሰውነቴ! ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ወንበር፣ ከታች የእማዬ ጸሎት። ጉልበቴን እንደምንም አስገባሁ። ተነሥቼ እግሬን ለኮርኒስ በተወጠረው አቡጄዲ ላይ ላሳርፍ ስል፣

"እንጨቱን! እንጨቱን ርገጪ!"

ጮኸ። በሙሉ ድምፁ። ተከላካዮቹን የሚቆጣበት ያ የድሮ ድምፅ! ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ሰፈሩ ሁሉ የሰማው መሰለኝ፤ ደስታውም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጣብኝ። እጁ አሁንም አይለቀኝም። በዚያች ቅጽበት በደሙ ውስጥ ምን ፈስሶ ይሆን? በኔስ? ከቆዳችን ሥር እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ እኛ ምንም አናውቅም።

እስኪመሽ እሱ በሚተኛበት ሳንቃ ላይ አጠገቡ ተጋደምኩ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ዓርብ

ጠዋት ጎረቤታችን አደ ጫልቱ አጥሩ ጋ ቆመው እማዬን ተጣሩ። ባላቸው የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ናቸው።

"የዳዊት እናት፣ አካም ቡልተ? ደህና አደርሽ? ትናንት ሬዲዮአችሁ በጣም ጮኸ። ቀንሱት እንጂ። የኛ ሰውዬ ሞጆ ሄዶ ነው ደግነቱ፤ ከነገ ጀምሮ ግን ቤት ነው የሚውለው።"

ይህን ብለው ገቡ።

እኛ ሬዲዮ የለንም።

እማዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት? እስከ መቼስ ከባላቸው ይደብቁታል? አላውቅም። ይህን በመጻፍ ላይ ሳለሁ የኮርኒሱ እንጨት ተንኳኳ። አይጥ መስሎኝ መጻፌን ቀጠልኩ። እንደገና ተንኳኳ።

"አደ ጫልቱ ምን አሉ?" አለኝ ዳዊት።