ከሄሊኮፕተሩ የወረድኩበት ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለእትዬ ሎሚ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? የአሶሳ ዝናብ እንዴት ከረመ? ገረሱስ ደኅና ነው? ልጆቻችሁ ሀዊና በአምላክስ እንዴት ናቸው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር ደጃፍ ላይ ወጥታ ትቀመጣለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። የእማዬ ነገር ሲነሳ ስልኩን ቶሎ ስለምትዘጊው ነው። ደብዳቤ ግን ቢያናድድሽም አስቀምጠሽ ትመለሺበታለሽ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ ነበር። የምጠግናት ሄሊኮፕተር ትንሽ ናት፤ ሞተሯ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው በሰላም ያወርዳል። በእሷ የመብራት መስመር እንቃኛለን፤ ሐኪሞችን መንገድ ወደሌለበት አገር እናደርሳለን፤ ሲያጋጥም በሽተኛ እንጭናለን። ከመነሳታችን በፊት የእያንዳንዱ ሰው ክብደት ይመዘናል። እንደ እንጦጦ ያለ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉልበቷ ይቀንሳልና፣ የአንድ ሰው ክብደት እንኳ ይከብዳታል።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ደመናው ሲገለጥልን፣ ሁለት የመብራት ሠራተኞች ይዘን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በላይ ካለ ሜዳ አረፍን። ሠራተኞቹ ወርደው ወደ ምሰሶው እንደሄዱ፣ ሰዎች አንዲት ልጅ በቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ መጡ። የማርያምወርቅ ትባላለች፤ ስምንት ዓመቷ ነው። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ተንከባሎ እግሯን ሰብሮት ደሟ አልቆም ብሏል። መንገዱን ደግሞ ጎርፍ ቆርጦታል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ አባቷ ወልደ ሐዋርያት ነበር፤ የደኑ ጥበቃ ነው።

ቃሬዛው የኋላውን ወንበር ያዘ። አብራሪያችን ካፒቴን ኃይሉ ነዳጁንና ክብደቱን አስልቶ፣ ከልጅቷ ጋር አንድ ሰው ብቻ እንደሚሳፈር ተናገረ። ያም ሰው ቁስሉን የምይዝላት እኔ ነኝ፤ አባትየው በእግሩ ይከተል ተባለ። ሰውየው አልተከራከረም። ጋቢውን አውልቆ አለበሳት። ሊሄድ ሲል ልጅቷ እጅጌውን በሁለት እጇ ጨበጠች። እሱም ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቅቅ ጀመር።

እትዬ፣ እዚህ ላይ አላስቻለኝም። በድርቁ ዓመት የእርዳታ ሄሊኮፕተር ከጋራ ሙለታ ሲወስድሽ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ጣቶችሽን ከቀሚሷ ላይ ያላቀቀችው ራሷ እማዬ እንደሆነች አንድ ጊዜ ነግረሽኛል። ድሬዳዋ አራት ወር ታመሽ ስትተኚ አንድ ቀን እንኳ እንዳልመጣችም ነግረሽኛል።

ቀበቶዬን ፈትቼ ወረድኩ። ካፒቴኑን፣ “እሱ ከእኔ ይቀላል፤ ቁስሉንም ይይዝላታል” አልኩት። ሊቆጣ አፉን ከፈተና የሰውየውን ፊት አይቶ ተወው። ጨርቁን የት ላይ እንደሚጫን ለወልደ ሐዋርያት አሳየሁት፤ በሩንም ዘጋሁላቸው።

እኔ በጭቃው ወደ የካ ሚካኤል ወርጄ፣ በታክሲ ኮተቤ ገባሁ። እማዬ በጭቃ የተለወሰ ልብሴን አይታ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። እሷም ወደ ሠላሳ ዓመት ያልተናገረችውን ተናገረች።

ያን ቀን የቀረው የአንድ ልጅ ቦታ ብቻ ነበር። እኔን አዝላ ነበር፤ ገና ጡት አልጣልኩም። ሰው የሚጭነው ፈረንጅ አንድ ጣቱን አሳያት። ካልለቀቅሻት ሊሄዱ ነው፤ ከቀረሽ ደግሞ እንደማታድሪ አውቃለች። በማግስቱ እኔን እንዳዘለች ተነሳች። የታመሙት የተወሰዱት ሐረር ነው ብለዋት ስለነበር፣ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ሐረር ገባች። ሦስት ቀን በየደጁ ጠየቀች። እንዲህ የምትባል ልጅ የለችም አሏት። ድሬዳዋ መሆንሽን ያወቀችው ስትመለሺ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሻትም አልኳት።

“ምን ብዬ ልንገራት? አልደረስኩላትማ” አለችኝ።

የማርያምወርቅ ተርፋለች፤ እግሯም አልተቆረጠም። እሑድ ሐኪም ቤት ሄጄ ጠየቅኋት። አባቷ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላለም።

ቂምሽን ተዪው አልልሽም፤ አራቱን ወር የተኛሽው አንቺ ነሽ። ግን እማዬ ለመስቀል አሶሳ እሄዳለሁ ብላ ተነሥታለች። እኔ ፈቃድ አላገኘሁም፤ የምትመጣው ብቻዋን ነው። ማክሰኞ መስከረም 13 ከሰዓት በኋላ መነኸሪያ ትደርሳለች።

ለወንድሜ ለገረሱ አክብሮቴንና ናፍቆቴን ንገሪልኝ። ሀዊን በትምህርቷ እንድትበረታ አጎትሽ ብሏል በያት። በአምላክን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። የእማዬን ሰላምታ ራሷ ታድርስልሽ። “ምናልባት ሎሚ መነኸሪያ ባትወጣልሽስ?” ብዬ ጠይቄያት ነበር። “ግድ የለም፤ በየደጁ ጠይቄ አገኛታለሁ” አለችኝ።

ወንድምሽ ኢታና
ኮተቤ፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 27 ቀን 2006 ዓ.ም.