ላስቲኩ ያልተላጠለት ሞኒተር

ለተከበሩ የፎቶና የኅትመት ድርጅታችን የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ጤና፣ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በፎቶ ክፍል ጥግ ተቀምጬ የሰው ፊት ሳስተካክል የኖርኩ ባለሙያ ስሆን፣ ነባሩ ሞኒተሬ በክብር ካረፈ በኋላ ኮሚቴዎ ስለመረጠልኝ ምትክ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እንዳልባል ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አመራረጣችሁ። «መጠኑ ልከኛ፣ ቀለሙ የሚታመን ይሁን» ብዬ የለመንኩትን ወደ ጎን ትታችሁ፣ ኮሚቴው ሱቅ ድረስ በአካል ሄዶ፣ የኳስ ጨዋታ አስከፍቶ፣ ሣሩ ይበልጥ የለመለመበትን እንደመረጠ ከሹፌራችን ሰምቻለሁ። እውነትም ሣሩ ለምለም ነው። ችግሩ ወደ እኔ የሚመጡት ሙሽሮች እንጂ ሜዳዎች አለመሆናቸው ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ስፋቱ። ጠረጴዛውን ሞልቶ ስለተረፈ የቁልፍ ሰሌዳውን ጭኔ ላይ አድርጌ እሠራለሁ። ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛም ከግንብ ወዲያ ያለሁ ያህል በስልክ ነው የምታናግረኝ።

ሦስተኛውና ዋነኛው የላስቲኩ ጉዳይ ነው። ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ የመጣውን ስስ ላስቲክ ልልጥ ስል የንብረት ክፍሉ ሰው ደርሶ እጄን ያዘኝ፤ «አዲስነቱ እንዳይጠፋ» የሚለው ትእዛዝ የእርስዎ መሆኑንም ነገረኝ። የቢሮዎ ሪሞት እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ስለሆነ አልገረመኝም። ነገር ግን ላስቲኩ ሰማያዊ ቢጤ ነው፤ በእሱ በኩል የማየው ፊት ሁሉ በብርድ የደረቀ ስለሚመስለኝ ሞቅ አደርገዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ሲወጣ ቢጫ ይሆናል። ባለፈው ያስረከብነውን አልበም የሙሽሪት እናት መልሰው አምጥተው፣ ልጄን በጤናዋ ድሬ እናንተ የጉበት በሽተኛ አደረጋችኋት ብለው አልቅሰዋል። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ በሥራዬ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

አራተኛ፣ ስለ መፍትሔዎ። ቅሬታው ሲደርስዎ ሞኒተሩን ትተው እኔን ለዓይን ምርመራ ላኩኝ፤ ዳግመኛ ቅሬታ ከመጣም ወደ መዝገብ ቤት እንደምዛወር አስነገሩኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ሐኪሟ ዓይኔን አገላብጣ አይታ ጤነኛ ነው ብላለች፤ የላስቲኩን ነገር ስነግራት ግን «እንዳይላጥ ያዘዘውን ሰውዬ ላኩልኝ» ብላለች።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ይህ ሞኒተር ሣሩ ወደሚደነቅበት ወደ እርስዎ ቢሮ ይዛወር፤ ለእኔ ትንሽም ቢሆን የሰው ፊት የሰው ፊት የሚመስልበት ይገዛልኝ። ስትመርጡም እባካችሁ ኳሱን ትታችሁ አንድ በደንብ የታተመ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያንኑ ፎቶ ስክሪኑ ላይ አስከፍቱና ጎን ለጎን አስተያዩ። ከዚያ ላስቲኩን እኔ ልላጥ። በሙያዬ እንጀራዬን ልብላ፤ ሌላ የምፈልገው የለም።

አዲስነትዎ ሳይጠፋ፣ ላስቲክዎ ሳይላጥ ያኑርልኝ እያልኩ፣

በታላቅ አክብሮት፣
ጭኑ ላይ የሚጽፈው ታዛዥዎ፣ ፎቶ አስተካካዩ

ማስታወሻ፦ በመግቢያው አዳራሽ የሚሰቀለውን የእርስዎን ትልቅ ፎቶግራፍ በትእዛዝዎ መሠረት ላስቲኩን ሳልነካ አስተካክዬ ለኅትመት ልኬዋለሁ። ስክሪኑ ላይ ወዝዎ ሙሽራ ያስንቃል። ሰኞ ሲሰቀል ግን ያየ ሁሉ «እግዜር ይማርዎ» ሊልዎ ስለሚችል፣ ከወዲሁ አሜን ማለትን ይለማመዱ።