“ጥጃውን ቀንሰህ ስንት?”

ውድ እታለም፣

ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነውና ሳትስቂ አንብቢው። ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ስልክ ላይ ሰው አታስጨርሺም፤ እኔም ይህን ነገር አንዴ ካቋረጥሽኝ መልሼ የምጀምርበት ወኔ የለኝም። ወረቀትን እንደ እኔ አፍ አፉን አትይውም ብዬ ነው።

ያን ቀን በርሽ ላይ ስንለያይ፣ “አንቺ አይተሽ ፍረጂልኝ። ነይ ካልሽኝ መርካቶ እመለሳለሁ፤ ተቀመጪ ካልሽኝ ከእንስሶቼ ጋር እቀመጣለሁ” አልሽኝ። “እስቲ ላስብበት” ብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ይኸው አስቤ ጨርሻለሁ። መልሱን ከመንገሬ በፊት ግን እንዴት እንደደረስኩበት ልንገርሽ። ዕቃ ሳላገላብጥ ዋጋ እንደማልቆርጥ ታውቂያለሽ።

እናትሽ ያቆዩልሽ የቡታጅራው ቦታ ላይ ገብተሽ ልትኖሪ ነው ሲባል ያልሳቀ አልነበረም። የመርካቶ ሰባተኛ ሰፈር ሙሉ ነው የሳቀብሽ፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም ጮክ ብዬ። እዚሁ አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር ተወልደሽ ያደግሽ ሴት ነሽ። በግ የምታውቂው በበዓል ዋዜማ በገመድ ሲጎተት ነው። አንድ በር ተካፍለን፣ እኔ በዚህ ጎን ሳፋና ባልዲ፣ አንቺ በዚያ ጎን ብርድ ልብስ እየሸጥን ፀጉራችን ሸበተ። የአንድ ሰሞን ነገር ነው፣ ጭቃው ሲሰለቻት ትመጣለች ብዬ ጎንሽን ልጠብቅልሽ ተስማማሁ። ብርድ ልብስሽንም እኔው እየሸጥኩልሽ ቆየሁ።

የላሟን ነገር ታስታውሺያለሽ? እኔ እስካሁን ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። ሻጩ ላሟን ከነጥጃዋ ገበያ መሀል አቁሞልሽ፣ አንቺ ዙሪያዋን ዞረሽ አየሻትና “ጥጃውን ቀንሰህ ስንት?” አልሽው። ሰውየው ግራ ገብቶት ሁለቴ ጠየቀሽ አሉ። አንቺ ግን አንሶላን ያለ ትራስ ልብሱ እንደምትገዢ ፈርጠም ብለሽ አስቀነስሽ። ከዚያ ደወልሽልኝ፤ “ጽጌ፣ የማያስፈልገኝን ዕቃ አልሸከምም! ጥሩ አድርጌ አስወረድኩት!” እኔም እዚህ ሆኜ፣ “ጎሽ! የመርካቶ ልጅ!” ብዬ አጨበጨብኩልሽ። ለካ ሁለታችንም ከአንድ ጨርቅ የተቀደድን መሃይሞች ኖረናል።

ላም ጥጃዋ አጠገቧ ቆሞ ጠባ ጠባ ካላደረገላት ወተቷን እንደማትለቅ በማግስቱ ተማርሽ። ከእኔ መደርደሪያ ያነሳሽውን ሰማያዊ ባልዲ ይዘሽ ስሯ ቁጭ ብለሽ ስትለማመጫት ዋልሽ። እሷ አንገቷን ወደ ገበያው መንገድ አዙራ ስትጮህ ዋለች። ጎረቤትሽ ጋሼ አለሙ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ “ልጄ፣ እናትን ከልጇ ነጥሎ የሚገዛ ሰው እኔ ዛሬ ገና ማየቴ ነው” አሉሽ። ይህን ስትነግሪኝ ድምፅሽ ውስጥ ሳቅ አልነበረም።

እኔ ብሆን ላሟን መልሼ እሸጣት ነበር። ማንም የመርካቶ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ አልሸጥ ያለ ዕቃ ለሌላ ሰው ይተላለፋል። አንቺ ግን ነጠላሽን አጣፍተሽ ከመንደር መንደር ጥጃውን ስትፈልጊ ሰነበትሽ። የገዛው ሰው ሲገኝ፣ ጥጃው ምን ያህል እንደሚያስፈልግሽ ፊትሽ ላይ አንብቦ ዋጋውን ሰቀለው። አልተከራከርሽም። እታለም ዋጋ ተጠርቶላት አልተከራከረችም! ይህን እዚህ ብናገር ሰው ያመመኝ ይመስለዋል። “ጥጃውን ይዤ ስገባ ላሟ ከሩቅ አውቃው ጮኸች፤ እኔም አብሬያት ጮህኩ” አልሽኝ። ያን ጊዜ ነው ይቺ ሴትዮ የምሯን ነው እንዴ ብዬ ልቤ መፍራት የጀመረው።

ከዚያማ በጎቹ መጡ፣ ፍየሉ መጣ፣ አህያዋ መጣች፣ ዶሮዎቹ መጡ። በደወልሽ ቁጥር ቤተሰብ ይጨመራል። ስማቸውን ሰምቼ የሱቁን ሰው ሁሉ አሳቅኩት። በዕቁብሽ የገዛሻትን ላም ዕቁቤ፣ ማንም ሳይጠራው በሰው ጉዳይ መሀል ጥልቅ የሚለውን ፍየል ደላላው፣ ጭነት የማትመርጠውን አህያ ኢሱዙ ብለሻቸዋል። አሁን እዚህ ግቢ ውስጥ ሰዉ እኔን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ደላላው ደህና መሆኑን ነው።

ከዚያ ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገባ። ከገበያ ያመጣሻቸውን አዳዲስ ዶሮዎች፣ አዲስ ዕቃ ገባ ብለሽ መደርደሪያ ላይ እንደምትደረድሪ፣ በዚያው ቀን ከነባሮቹ ጋር ቀላቀልሻቸው። በሽታውን ይዘው ኖሮ ሁሉም አንገታቸው እየተጣመመ አለቁ። የዚያን ቀን ስትደውዪ ድምፅሽን አላወቅኩትም። “በቃኝ ጽጌ። ባዶ ቆጥ ማየት አልቻልኩም። መኪና ይዘሽ ነይና ውሰጂኝ” አልሽ። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልደብቅሽ? አዘንኩልሽ፤ ደግሞም ደስ አለኝ። ትመጣለች ብዬ ጎንሽን ጠረግሁ፣ በርጩማሽን ወለወልኩ። በነጋታው ሹፌሩን ሙስዓብን ከነጭነት መኪናው ተኮናትሬ ገሰገስኩ።

እታለም፣ የማመጣት ሴት እኔ የማውቃት መስላኝ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ግን ሌላ ሰው ናት። ያቺ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሰብስባ፣ በአንድ እጇ የሳር እስር፣ በሌላው የደላላውን ቀንድ ይዛ “ግቢ ግቢ፣ በሩን ዝጊው፣ ያመልጣል!” የምትለኝ። ያለ ትራስ በርጩማ ላይ የማትቀመጪ ሴት አልነበርሽም? ዝናብ ሲያካፋ ከሱቅ የማትወጪ? እየሄድሽ ጥጃውን በጉልበትሽ ገፋ፣ የአህያዋን ጆሮ ዳበስ ታደርጊያለሽ፤ አንዷን በግ ገና ከሩቅ አይተሽ “ይቺ ዛሬ ደስ አላላትም፣ ጆሮዋን ጥላለች” አልሽ። የሚገዛውንና ዋጋ ጠይቆ የሚሄደውን ከመንገድ ማዶ የምትለየው ዓይንሽ ነው እኮ። አልጠፋም፤ የተሻለ ሥራ አግኝቷል።

ዕቃሽን ስንጭን ዋልን። እንስሶቹን ጋሼ አለሙ ሊረከቡሽ ተስማምተዋል። አልጋሽ ተጫነ፣ ሳጥንሽ ተጫነ፣ የወጥ ቤቱ ዕቃ በማዳበሪያ ታስሮ ከሥር ገባ። አንቺ ገመድ እያቀበልሽን፣ “ሁለተኛ አዲስ ዶሮ ከነባሩ ጋር ወዲያው አልቀላቅልም። ለብቻው አቆየዋለሁ። ክትባቱንም ቀድሜ ነው የማስከትበው” ትያለሽ። እኔም ገመዱን እየቋጠርኩ ሰማሁሽ። ጨርሳ የምትሄድ ሴት ስለሚቀጥለው ዶሮ ምን አስጨነቃት?

ሙስዓብ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ነው ያቺ ጆሮዋን የጣለችው በግ ምጥ የያዛት። መንታ ወለደች። የመጀመሪያውን ላሰችው፤ ሁለተኛውን ስታይ ግን በግንባሯ ገፋችው። እንደገና አስጠጋሽላት፣ እንደገና ገፋችው። ግልገሉ እርጥብ እንደሆነ መሬት ላይ ይንቀጠቀጣል። አንቺ ተንበርክከሽ፣ “ጨው! ጨው አምጡልኝ!” ብለሽ ጮህሽ።

ጨዉ ደግሞ ከጭነቱ ሁሉ ሥር ነው።

ሙስዓብ ራሱን እያከከ፣ “እትዬ፣ መንገዱ ይመሽብናል እኮ። ለአንድ ግልገል ብለን ይህን ሁሉ ጭነት እናፍርሰው?” አለ።

“አፍርሰው!” አልሽው። ያን ድምፅሽን አውቀዋለሁ፤ ዋጋ ጨርሰሽ ስትናገሪ የምታወጪው ነው።

አልጋው ወረደ፣ ሳጥኑ ወረደ፣ ማዳበሪያው ተፈታ። ጨዉን በመዳፍሽ አሽተሽ፣ እናቱ እንድትልሰው ግልገሉን ቀባሽው፤ ከዚያ የእናቲቱን አንገት አቅፈሽ፣ መርካቶ በር ላይ ቆመሽ ለአላፊ አግዳሚው በምታወጪው በዚያ ማር ድምፅሽ፣ “ነይ እመቤት፣ ነይ የኔ ቆንጆ፣ ማየት በነፃ ነው። አይተሽ ካልወደድሽው ትሄጃለሽ” አልሻት። ሙስዓብ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። በጓ አሸተተችው። ጨዉን ቀመሰች። ትንሽ ቆይታ ግልገሉንም ላሰችው፤ ላሰችውና አላቆመችም። ወድቆ ተነስቶ፣ ወድቆ ተነስቶ ጡቷን አገኘና ጭራውን ማወራጨት ጀመረ።

ያኔ ፊትሽን ወደ እኔ መለስሽ። እጅሽ እስከ ክርንሽ ደም ነው፤ ፀጉርሽ ላይ ገለባ አለ። ይህን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ስንቀመጥ ያንን ፊት አንድ ቀን አይቼብሽ አላውቅም። ትልቅ ሽያጭ በሸጥሽበት ቀን እንኳ አላየሁብሽም። ኮራሁብሽ እታለም። እኔ ልወስዳት የመጣሁት ይህቺን ሴት ነው እንዴ ብዬ አፈርኩ።

አልጋሽ ሳሩ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። መልሰን እንጫነው ያለ ሰው የለም፤ አንቺም አላልሽም፣ እኔም አላልኩም። በኮባ የጠቀለልሽውን ቅቤ አሸክመሽኝ፣ በሩ ላይ ያንን ጥያቄሽን ጠየቅሽኝ።

ተመልሼ ሳስብ ሰነበትኩ። ማሰቡ አስቸጋሪ ሆኖ አይደለም፤ የሚያስቸግረው የእኔ ልብ ነው። ምሳዬን ብቻዬን መብላት እስካሁን አለመድኩም። ራጉኤል ስሳለም ከጎኔ ሆና ስለ ሰው ነጠላ የምትንሾካሾክልኝ የለችም። አስቸጋሪ ደንበኛ ሲመጣ በዓይኔ የምጠቅሳት የለችም። ነይ ብልሽ ማንም አይፈርድብኝም፤ አንቺም ትመጫለሽ፤ ዶሮዎቹም ሰበብ ይሆኑናል። ከፎቁ ላይ መጋረጃ የምትሸጠው ሱንዱስ፣ “እትዬ ጽጌ፣ እትዬ እታለም የማይመለሱ ከሆነ እኔን ያስቡኝ” ባለችኝ ቁጥር “ትመለሳለች!” ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም።

ግን የበቃው ሰው ጭነቱን አያፈርስም። የበቃው ሰው ግልገሉን ለጋሼ አለሙ ትቶ መኪናው ላይ ይወጣ ነበር።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸውልሽ፦ ተቀመጪ። ዶሮ እንደገና ግዢ፤ እንዳልሽው ለብቻቸው አቆዪያቸው። ክፉ ቀን ሲመጣ ደውዪልኝ፣ አብሬሽ አለቅሳለሁ፤ መኪና ግን ይዤ አልመጣም። ጎንሽን ለሱንዱስ ሰጥቻታለሁ። ቁልፉን ስሰጣት መልሼ ጫፉን ያዝኩት፤ እሷም አይታ እንዳላየች ሆነች፤ ጨዋ ልጅ ናት። የተረፉትን ብርድ ልብሶች ይህን ወረቀት በሚያመጣልሽ በሙስዓብ ልኬልሻለሁ። ውርጭ ሲሆን መንታዎቹን ሸፍኚበት እንጂ ለመንደሩ እንዳትሸጪው፤ አውቅሻለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከሄድሽ ጀምሮ ደንበኞችሽ እየመጡ “እታለም የለችም?” ሲሉኝ፣ ሁልጊዜ “አሁን ወጣ አለች፣ ትመጣለች” እላቸው ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንዲያ ስል ከረምኩ። ዛሬ ጠዋት ያ የወልቂጤው ጅምላ ገዢሽ መጥቶ ጠየቀኝ። ሱንዱስ መጋረጃዋን እየሰቀለች ቀና ብላ አየችኝ።

“ሄዳለች” አልኩት። “አገሯ ገብታለች። ከብት ታረባለች፣ በግ ታዋልዳለች። እንደ እሷ ያለ የለም።”

ሰውየው “እሰይ፣ ጎሽ” ብሎ ሄደ። እኔም ሳፋዎቼን አስተካክል መስዬ ዞር አልኩና አለቀስኩልሽ።

ከሰባተኛ፣
የዘወትር ጎረቤትሽ ጽጌሬዳ