የአባባ መነጽርና መሰላሉ

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ እውነት ተሽሎሻል ወይስ እንዳናስብ ብለሽ ነው ደህና ነኝ የምትይው? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? ትልቋ ልጅሽ በስልክ ስታናግረኝ ድምጿ ልክ አልመሰለኝም፤ የደበቃችሁኝ ነገር ካለ ንገሪኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን እንዳልልሽ፣ አባባ ወድቀው ቀኝ እግራቸው ተሰብሯል። አትደንግጪ፣ ጀሶ ታስሮላቸው ቤት ገብተዋል። አወዳደቃቸውን ግን ሰው አጣሞ ሳይነግርሽ ከእኔው ስሚው።

የዕቃ ማከራያዬን አሠራር ታውቂያለሽ። መሰላልም ሆነ መሰርሰሪያ ያለ መያዣ ከበሬ አይወጣም። ገንዘብ ደግሞ አልቀበልም፤ ቀብድ ሰጥቶኝ መጋዝ የወሰደው ሰውዬ ቀብዱን ትቶልኝ ከነመጋዜ ቀርቷል። ገንዘብ ባንክ ሲቀመጥ ነው የሚያምርበት። ሰውን የሚመልሰው የሚቸገርበት ነገር ነው። ስለዚህ አናጺው የቤቱን ቁልፍ፣ ቀለም ቀቢው የግራ ጫማውን ትቶልኝ ይሄዳል። ሰፈሩ ስሜን ረስቶ አቶ መያዣ ይለኛል። ይበል፣ ዕቃዬ እንደሆነ አልጠፋም።

ባለፈው ሳምንት አባባ መጡና ጣሪያው ስለሚያፈስ መሰላል ስጠኝ አሉኝ። እኔ ጠረጠርኩ። ጎረቤታችን ቧንቧ ሠራተኛው መያዣ ላለመስጠት ሌላ ሰው መላክ ልማዱ ነው፤ አባባ ደግሞ እምቢ ማለት አይችሉም። ደንበኞችም ቆመው ያዩኛል። ዛሬ ለአባቴ ብለቅ ነገ ሁሉም አጎቱን እየጎተተ ይመጣል ብዬ፣ እታለም፣ ከገዛ አባቴ መያዣ ጠየቅሁ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በመሀረባቸው ጠርገው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና መሰላሉን ይዘው ወጡ። እኔም እንደ ማንም ሰው ዕቃ ቁጥር ለጥፌ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ያለ መነጽር እንዴት ይወጣሉ ብሎ ማሰብ እንኳ አልመጣልኝም። ሲወርዱ መሬት የደረሱ መስሏቸው ከመሰላሉ መሀል ለቀቁ። የሚያፈሰውም የእኛው ጣሪያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው። ውሃ ሲፈልጉ አስቀድመው ኮፍያቸውን አውልቀው ይሰጡኛል። ትራሱን አስተካክልልኝ ሲሉ ሰዓታቸውን። እየቀለዱብኝ ነው ብዬ ፊታቸውን ባይ አይስቁም፤ አኩርፈው ነው ብል ድምጻቸው ለስላሳ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው መክሯቸው ይሆናል ብዬም ነበር፣ እሱ ግን ሾርባ ይዞ ከመምጣት በቀር ያደረገው የለም። ሾርባውን እኔ ቀድሜ ቀመስኩት።

ትናንት ደግሞ የጋብቻ ቀለበታቸውን፣ እማማ ከሞተች ወዲህ እንኳ ከጣታቸው ያልወጣውን፣ በሳሙና አውልቀው መዳፌ ላይ አኖሩት። ምን ላምጣልዎት ብላቸው ምንም አሉኝ። ታዲያ የምን መያዣ ነው አልኩ። መያዣ አይደለም ልጄ፣ አደራ ነው፣ እኔ ሳልፍ ባዳ እጅ እንዳይገባ አንተ ዘንድ ይሁን አሉኝ። ይህን ሰምቼም አላመንኩም። ቀለበቱን ጨብጬ፣ አሁን የሆነ ነገር ይጠይቁኛል እያልኩ እስኪመሽ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምንም ሳይጠይቁኝ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ያን ጊዜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ለባልሽ አክብሮቴን አድርሽልኝ። ትልቋን፣ መንታዎቹንም ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለአክስታችን፣ አባባ ይነሳሉ በያት፣ እንዳትጨነቅ። ለእሳቸውም ደውይላቸው፤ ድምጽሽን ይናፍቃሉ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአባባ አልጋ አጠገብ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሰኔ 12 ቀን