አባትየውን ስለመታችው አንዲት መስመር

ለአዳዲስ አፍሪካውያን ጸሐፍት መድበልና ሽልማት ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ መድበልዎ ሽፋን የሚያብረቀርቅ፣ እንቅልፍዎም እንደ አርታኢዎ ኅሊና ምንም የማይረብሸው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ኮሚቴዎ ለዘንድሮው ሽልማት የታጩትን ሦስት አጫጭር ልብወለዶች ይፋ አድርጓል። ከሦስቱ አንዱ «የቤቱ ሥራ አስኪያጅ» የተሰኘው ነው። በመግለጫው ውስጥ ከዚህ ልብወለድ የተጠቀሰችው መስመር «እዚህ ላይ አባትየው ቢመታትስ?» የምትል ናት። ይህቺን መስመር ደራሲዋ አልጻፈቻትም።

ደራሲዋ የወንድሜ ልጅ ናት። መነጽር ቤት ውስጥ ተቀጥራ የሰው ዓይን ስትለካ ትውላለች፤ ደንበኛ ሲጠፋ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ ትጽፋለች። ልብወለዷ ጡረታ ስለወጣ አባት ነው። ሰውየው ቢሮው ይናፍቀውና ቤቱን ቢሮ ያደርገዋል፤ ጠዋት ጠዋት ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰብስቦ ስብሰባ ይከፍታል፣ ጎረቤት ለመሄድ ፈቃድ እንዲጠይቁት ይፈልጋል፣ ታናሽየዋ ስታረፍድ በጽሑፍ ማብራሪያ እንድትሰጥ ያዛታል። በመጨረሻ ሚስትየው የሥራ መልቀቂያ ታስገባለች፤ እሱም ተተኪ እስኪገኝ ድረስ እንዲቆዩለት «እርስዎ» እያለ ይለምናታል። ወንድሜ ሲያነበው ራሱን አወቀ። መነጽሩን አውልቆ እንባውን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀና «እኔ ስብሰባ በሰዓቱ ነው የምጀምረው፤ ይህቺን አስተካክያት እንጂ ሌላው ልክ ነው» አላት። አስተካከለችው። በቤታችን ውስጥ በዚህ ልብወለድ ላይ የቀረበው ቅሬታ ይኸው ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ ውለታ ስለሆነ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1. በመጀመሪያ አርታኢዎ ስላደረጉት ሙያዊ እገዛ አመሰግናለሁ። ረቂቁን ከነአስተያየታቸው ሲመልሱላት «ሳቁ አልበዛም ወይ?»፣ «ጦርነቱ የት ነው ያለው?» የሚሉ ጥያቄዎችን በኅዳጉ ላይ አስፍረው ነበር። ታናሽየዋ ልጅ ለስብሰባው የምታረፍድበት ቦታ ሲደርሱ ግን ኅዳጉ ጠቧቸው ነው መሰለኝ፣ «እዚህ ላይ አባትየው ቢመታትስ?» የሚለውን በራሱ በታሪኩ መሃል ጻፉት። ልጅቷም «አይመታትም፤ ማብራሪያ ነው የሚጠይቃት» ብላ በትሕትና መለሰችላቸው። መልሷን ተቀበሉ፤ ጥያቄያቸውን ግን ማንም ሳያወጣው ከነጥያቄ ምልክቱ ታተመ። እኔ በኖርኩበት የጋዜጣ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም በማግስቱ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደላት ይቅርታ እንጠይቅና አንገታችንን ደፍተን እንሰነብታለን። እንዲህ ያለ ስህተት ለሽልማት ሊታጭ እንደሚችል የተማርኩት ከእናንተ ነው።

እርግጥ ነው፣ ለሌሎቹም ጸሐፍት ይህ እገዛ አልተጓደለባቸውም። ስለ ሞተር ብስክሌቱ ፍሬን ግጥም የጻፈው ወጣት «ሞተሩ ስደተኛ ቢጭንስ?» ተብሎ ተጠይቋል። ደረጃ በመጥረግ ተራ ስለተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች የጻፈችው ደግሞ መፈንቅለ መንግሥት ብታስገባ ታሪኩ እንደሚጎለብትላት ተነግሯታል። የአህጉሪቱ አዲስ ድምፅ የፈለገውን እንዲናገር መፍቀዳችሁ የሚያስመሰግን ነው፤ እግረ መንገዱን አንድ ሰው እስከተመታለት ድረስ። የሁለቱ ዕድል አልጠመመምና ጥያቄያቸው በኅዳጉ ላይ ቀርቶላቸዋል።

2. መጽሐፉ በተመረቀበት ዕለት በጋበዟቸው ሐያሲ በኩል ስለተሰጠን ትምህርትም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ሐያሲው ስብሰባውንም፣ የፈቃድ ጥያቄውንም፣ የሥራ መልቀቂያውንም ዘለሉና ይህቺን መስመር ሁለት ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። «ደራሲዋ የራሷን ትረካ ቀድዳ የወጣችበት ጩኸት» አሏት። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴት መሐረብ አወጡ። ልጅቷ እጇን አውጥታ «ይቅርታ፣ እኔ አልጻፍኩትም» ስትል መድረክ መሪው በርኅራኄ አይቷት «አልጻፍኩትም ማለትሽ ራሱ ቁስሉ ነው» አላት፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ክቡርነትዎ ከፊተኛው ረድፍ ያጨበጨቡት ጭብጨባ እስከ በሩ ድረስ ይሰማ ስለነበር ለእሱም ለብቻው አመሰግናለሁ።

3. ጭብጨባው ቤት ድረስ ተከትሏት ገብቷል። ወንድሜን የሚላጨው ፀጉር አስተካካይ ድሮ ከበሩ ገና ሲያየው «አለቃ፣ ዛሬ ስብሰባ የለም እንዴ?» ይለው ነበር። አሁን «ጎንበስ ይበሉ» ብቻ ነው የሚለው። የሚስቱ ታላቅ እህት መጽሐፉን በቦርሳዋ ይዛ መጣችና ሳሎን ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «አንቺ ልጅ፣ እኔ አክስትሽ በሕይወት እያለሁ ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ?» አለች፤ ወደ ወንድሜም ዞራ «እኛ ደግሞ ዝምተኛ ነው እያልን ስናመሰግንህ!» ልጅቷ ነገሩን ከሥሩ ብታስረዳትም አክስቷ አልተረታችም። «ታትሟል እኮ ልጄ። የታተመ ነገር እንዴት ውሸት ይሆናል?» ብላ ሄደች። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት ደጃፍ የጨረስኩት እኔም እስከ በሩ ሸኘኋት።

ወንድሜ በሕይወቱ በማንም ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። እሱ ያስቸገረው ሰው ካለ በማስታወሻና በቀጠሮ ብዛት ነው። ከአክስቷ ጉብኝት በኋላ ግን የጠዋቱን ስብሰባ ተወው። ልብ ይበሉ፣ ሁላችንም ለዓመታት እንዲተውልን ስንለምነው የኖርነው ስብሰባ ነው። ከዚያ በአንደኛው ጠዋት ልጅቷ ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር በሩ ላይ ቆሞ «እውነት መትቼሽ ረስቼው ይሆን እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። «አባዬ፣ አንተ እኮ ዝንብ እንኳን ስታባርር ቀጠሮ ሰጥተህ ነው» አለችው። ሊስቅ ሞከረ። እሷም ጫማዋን አስራ ስትጨርስ ወደ ሥራዋ ሳይሆን ወደ ቢሮዎ ነው የመጣችው።

4. በቢሮዎ ስለተደረገላት መስተንግዶ የማመሰግነው በመጨረሻ ነው፤ ከሁሉም የከበደው ውለታ እሱ ስለሆነ። ጸሐፊዎ ወንበር ሰጧት። ዳኞቹ ልብወለዱን ያጩት በዋናነት በዚያች መስመር ምክንያት እንደሆነ፣ መስመሯ ከሁለተኛው እትም ከወጣች ደግሞ የቀረው ጽሑፍ ዳኞቹ የመዘኑት ጽሑፍ ስለማይሆን ከውድድሩ እንደሚሰረዝ አስረዷት። አሸናፊው የራሱ መጽሐፍ እንደሚታተምለት አስታውሰው «እህቴ፣ ዕድልሽን በገዛ እጅሽ አትግፊው» አሏት። ምክሩ እውነት ነው። ከመነጽር ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ የተጻፉ ዘጠኝ ልብወለዶች መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠው አሳታሚ ይጠብቃሉ፤ እንዲህ ያለው በር ሁለተኛ እንደማይከፈትላት እሷም እኔም እናውቃለን።

የሆነው ሆኖ ምርጫዋን አድርጋለች። ከመስመሯና ከአባቷ አንዱ መቅረት ካለበት መስመሯ ትውጣ፤ ሽልማቱም ከመስመሯ ጋር ይሂድ ብላለች። እኔ ከእሷ የተሻለ ነገር የማይገባኝ ሰው ብሆንም አንድ አስታራቂ ሐሳብ አለኝ። መስመሯ በእርግጥ የአህጉሪቱ ጩኸት ከሆነች፣ ሽልማቱ ለባለቤቷ፣ ማለትም ለአርታኢዎ ይሰጥልኝ። እሳቸውም አዲስ አፍሪካዊ ጸሐፊ ናቸው፤ እስከ ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለጻፉ ከእሳቸው የበለጠ ጀማሪ አይገኝም። ለወንድሜ ደግሞ ከታሪኩ ሥር አንዲት አጭር ማረሚያ ትበቃዋለች፤ አባትየው አልመታትም፣ ማብራሪያ ነው የጠየቃት የምትል።

ሁለተኛው እትም ቅዳሜ ወደ ማተሚያ ቤት እንደሚገባ፣ ኮሚቴዎም ዓርብ ጠዋት ተሰብስቦ በጉዳዩ ላይ እንደሚወስን ሰምቻለሁ። ለዚያ ስብሰባ ጤናና ረጅም ዕድሜ ያለው ቅንነት እመኝልዎታለሁ።

ይህን የምፈርመው በከፍተኛ አክብሮት፣ አንድ እጄን ኪሴ ውስጥ አስገብቼ ነው፤ በስህተት ታትሞ ማንንም እንዳይመታ።

የመድበልዎ ታማኝ አንባቢ፣
የአባትየው ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለወንድሜ አነበብኩለት። ሁለት ቦታ ነጠላ ሰረዝ አስጨመረኝ፤ ከዚያ ክቡርነትዎ በጉዳዩ ላይ በጽሑፍ ማብራሪያ እንዲሰጡ አዘዘ። የዓርቡን ውሳኔ ቤተሰቡ በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚስቱ እህትም ተጠርታለች። ስብሰባው በሰዓቱ ይጀመር እንደሆነ ግን ሰብሳቢው ወንድሜ ገና አልወሰነም፤ የእርስዎን ማብራሪያ እየጠበቀ ነው።