እግሬ መሬት እንዲነካ ያሳጠርካት ሞተር

ታዴ ዓለሜ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፤ ጥቁሬንም እናትህ ራሳቸው «ይበቃሻል» ብለው አስወልቀውኛል። ከልቤ ላይ ያለውን ግን ማንም አላስወለቀኝም።

ከቤታችን ልጀምር። ፍኖተ ሰላም ያለውን የጥገና ሱቅህን ሌላ ሰው ተከራይቶ እህል ይሸጥበታል። እኔ አሁንም ልብስ እሰፋለሁ፤ የስፌት መኪናዬን ግን መንገደኛ እንዳያየኝ ወደ ጓዳ አስገባኋት። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ፤ ለብቻዬ አልዋጥ ቢለኝ ለጎረቤት አደልኩት። ሞተሯ በረንዳው ላይ ናት። አልሸጥኳትም።

ከጨረታ ገዝተህ ስታመጣት እንዴት እንደሳቅሁብህ ታስታውሳለህ? ለጭቃና ለዳገት ብቻ የተሠራች፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ መቀመጫዋ እንደ ሳንቃ የደረቀ። ነዳጇ ቡሬ ደርሶ ለመመለስ እንኳ ያሳስብ ነበር። «ይቺ የአንድ ሰው ከብት ናት» ስልህ፣ «ለሁለት ሰው አደርጋታለሁ ብርቄ፤ አገር እናይባታለን» አልከኝ። ሰው ሞተር የሚገዛው ሊጭንበት ነው፤ አንተ ላየው ያልቻልኩትን አገር ልታሳየኝ ገዛህ።

ክረምቱን ሙሉ አብረን ሠራናት። ሰልባቲዮዋን፣ የነዳጅ መያዣዋን፣ በሰፊ ቀየርክ። አስፋልት ላይ እንዳትጮህ የኋላውን የሰንሰለት ጥርስ በትንሽ ለወጥክ። ከኋላ የዕቃ መጫኛ በየድክላት፣ ብረቱን ትተህ በአሉሚኒየም፤ «ከከበደች ዳገት ላይ ትከዳናለች» እያልክ። እኔ መቀመጫዋን በስፖንጅ አሰፋሁ፤ በግራና በቀኝ የሚንጠለጠሉትን ቦርሳዎች ከሸራ ሰፋሁ። እግሬ መሬት አልደርስ ሲለኝ ሞላዋን ዝቅ አድርገህ በእናትህ አውድማ ላይ መንዳት አስተማርከኝ። የመንደሩ ሴቶች አፋቸውን ይዘው ሲያዩኝ አንተ ከኋላዬ እየሮጥክ «አትፍሪ፣ ጋዝ ስጫት!» ትል ነበር።

ፈረስ ቤት፣ ከዚያ ሊበን፣ ከዚያ ቆጋ እንሄዳለን ብለን ነበር። ካሰብነው አንዱንም አላየንም። ለማርያም በዓል ከቡሬ ራቅ ብሎ ወዳለው የእናትህ ቤት በእሷው እንደሄድን ውጊያ ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ፤ ሞተር የሚባል ከቤት እንዳይወጣ ተባለ።

እዚያው ሳለን አንድ ቀን ጠዋት ሆድህን ያዘህ። የጤና ኬላዋ ልጅ መጥታ ዳሰሰችህና «ትርፍ አንጀት ይመስለኛል፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል መግባት አለበት» አለች። እኔም ሞተሯን አወጣሁ። በጋቢ ከጀርባዬ ጋር ላስርህ ነበር። ታላቅ ወንድምህ አያ ሙሉ ቁልፉን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ሞተር ያየ ሁሉ ይተኩሳል። እኔ ሁለት ሬሳ አላነሳም» አለ።

አንተ ከመደቡ ላይ ሆነህ «አያ፣ ተዋት፣ ትውሰደኝ» አልከው። ሰምቶሃል። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ቃሬዛ እንዲሠራ አዘዘ።

ወንዶቹ እየተፈራረቁ ተሸከሙህ። ሞተሯ ብትዘገይ ብትዘገይ ምሳ ሳይደርስ ታደርስህ ነበር፤ እኛ ግን ወንዙን ስንሻገር ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። እዚያ አፍህ ተያዘ። የቡሬን ቆርቆሮ ሳናይ እጅህ በእጄ ውስጥ ቀዘቀዘ።

በቀብርህ ላይ ከሁሉ የበለጠ የጮኸ አያ ሙሉ ነው። ለቀስተኛው እሱን ደግፎ ያጽናና ነበር። በኋላ ሽማግሌ ላከብኝ፤ ሞተሯንና ቁልፏንም መለሰልኝ። «አስቦልሽ ነው፤ ይኸው ተርፈሻል» አሉኝ። ተርፌያለሁ፤ ለምን እንደተረፍኩ ግን ከመካከላቸው የነገረኝ የለም። የንስሐ አባታችን «ይቅር በይ» ቢሉኝ በአፌ አልኩ።

የሚያቃጥለኝን ልንገርህ፦ አያ ሙሉ ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ብንወጣ ምናልባት ሁለታችንም እንቀር ነበር። ጥፋቱ ግልጽ ቢሆን ረግሜው እገላገል ነበር። አሁን ግን ልረግመውም ልምረውም አቅቶኝ እኖራለሁ።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ፣ ባለፈው ወር፣ አያ ሙሉ ራሱ መጣ። በሞተሯ ዙሪያ ዞረና «ቦርሳውን አውልቀን መጫኛውን በብረት ብናጠነክረው ኩንታል ትሸከማለች፤ እዚህ ከምትዝግ ለእኔ ስጪኝ» አለ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርኩ፣ ሞተሯን በፊቱ ገፍቼ አወጣሁ፣ አስነስቼ ሄድኩ። እሱን ግቢው ውስጥ እንደቆመ ተውኩት።

ፈረስ ቤት ደረስኩ፣ ታዴ። ዝናብ አበሰበሰኝ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዳገቱን ስትወጣ አልከበደችም፤ ልክ ነበርክ። ሻይ ቤት ስገባ ባለቤቷ ራሴን በፎጣ እያደረቅሁ አየችኝና «ባልሽ ኋላ እየመጣ ነው?» አለችኝ።

«ኋላ ቀረ» አልኳት።

ገባት መሰለኝ፣ ትኩስ ሻይ ቀዳችልኝ። ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ አለቀስኩ። ያንን አገር ከአንተ ጋር ባየው ምን ይመስል እንደነበር አሁንም አላውቅም።

ሊበንም እሄዳለሁ፣ ቆጋም እሄዳለሁ። ስለ አንተ ስል አያ ሙሉን እንድወድ አትጠብቀኝ፤ እሱ የእኔና የፈጣሪ ነገር ነው። አንተን ግን በደረስኩበት ሁሉ አስጠራሃለሁ። በየደብሩ ደጅ ወርጄ፣ በጸሎት እንዲያነሡህ የክርስትና ስምህን ለቄሱ እነግራለሁ። ታደለ የሚለውን ለራሴ አስቀርቼ፣ መንገድ ላይ፣ ማንም በማይሰማኝ ቦታ እጠራሃለሁ።